ሩቅ ያለው ላቦራቶሪና የሰቆጣው ሕፃን ክንድ

የነርስነትን ሙያ አጠናቆ ወደ ሰቆጣ የሚመደብ ወጣት ከሚጠብቁት ሥራዎች አንዱ የሕፃናትን ክንድ መለካት ነው። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ሆኖ ከተገኘ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ተብሎ ሕክምና ይጀመርለታል። መለኪያውን ያጠበቀ ነርስ ደኅናውን ሕፃን በሽተኛ ያደርገዋል፤ ያላላው ደግሞ በሽተኛውን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። የኋለኛው ስሕተት በነፍስ የሚከፈል ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን በዚህችው ከተማ ስም መጠራቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ያነሣነው ከሩቅ ሆነው ስለሚሠሩበት ላቦራቶሪ ለመናገር ነው። እውነተኛው መሣሪያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተማሪው ካለበት አገር ሆኖ በኮምፒዩተር ያንቀሳቅሰዋል፤ ውጤቱንም በካሜራ ይመለከታል። ማስመሰያ አይደለም። የማሳቹሴትሱ የቴክኖሎጂ ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ከፍቶ ነበር፤ በኋላም የናይጄሪያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ተካፋይ ሆኑ።

ለነርስ ተማሪ ምን ይረባዋል? ወደ ተከዜ የሚወርደው የዋግ ኽምራ ቆላ ወባ አለበት። በአገራችን ዋነኞቹ የወባ ዓይነቶች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ሲሆኑ፣ መድኃኒታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ማይክሮስኮፕ ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ክፍል ውስጥ ልዩነታቸውን በጥቂት ደቂቃ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ከሩቅ የሚታዘዝ ማይክሮስኮፕ ቢኖር ግን ተማሪው በሌሊትም ቢሆን እየደጋገመ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውን እንደግፋለን።

ነገር ግን የእንግሊዙን ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እንመልከት። ተማሪዎቹ ቤታቸው ሆነው ሙከራ እንዲሠሩ ትናንሽ ማይክሮስኮፖችን ያድል የነበረ፣ በኋላም ከሩቅ የሚሠራ ላቦራቶሪ የከፈተ ተቋም ነው። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴራችንና ከሌሎች ጋር ሆኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 13 ሞጁሎች ሲያዘጋጅ፣ ንባቡ በወረቀት ታተመ፤ የእጅ ሥራው ደግሞ በጤና ድርጅት ውስጥ እንዲሆን ተደረገ። እኛ ይህን እንደ ንቀት አንቆጥረውም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዋግ ኽምራ ያለ መብራትና ያለ ስልክ መክረሙን የሚያስታውስ ሰው ወረቀትን አይንቅም።

ከመብራቱም የሚብስ ችግር አለ። እናቲቱ የምትናገረው ኽምጣጛ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራው ይህን ቋንቋ አያስተምርም። ያበጠ እግር በአውራ ጣት ለሦስት ሰኮንድ ተጭኖ ጎድጉዶ መቅረቱን የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንኑንና ነርሷን ከንጽሕና ባለሙያው ጋር ባንድነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ የነበረው ይህን አውቆ ነው።

እንግዲህ የደሙን ምርመራ ሩቁ መሣሪያ ያስተምር፤ ክንዱን ግን ጤና ጣቢያው። ተማሪው ይለካል፤ ቁጥሩን ሳይናገር ይጽፋል። አስተማሪው ያንኑ ክንድ ዳግመኛ ይለካል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተስማሙ ቀጣዩ ሕፃን ይጠራል፤ ካልተስማሙ ተማሪው ያንኑ ክንድ እንደገና ይለካል።