ሦስት አባት ያለው ግስ

ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ግስ ባለፈው ዓመት ከፈተና ጣለኝ። ግሱ የእስፓኝ ቋንቋ ሲሆን «ኢር» ይባላል፤ ትርጓሜውም «መሄድ» ነው። ለሚሰማው ሰው ነገሩ ያስቃል፤ ለእኔ ግን የቀልድ ነገር አልነበረም፤ ፈተናውን ያለፈ መምህር ቋንቋ እየተማረ ክረምቱን በውጭ አገር እንዲያሳልፍ የሚላክበት ነበርና።

ፈታኙ የጠየቁኝ ከባድ ጥያቄ አልነበረም። «ትናንት ከሥራ በኋላ ምን አደረግህ?» አሉኝ። እኔም ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄዴን ለመንገር «ኢባ አ ላ ቢብሊዮቴካ» ብዬ በኩራት መለስሁ። ፈታኙ ዝም ብለው ጠበቁኝ። እኔም ዝም አልሁ። ጥቂት ቈይተው «እሺ፤ ከዚያስ? መንገድ ላይ ምን ገጠመህ?» አሉኝ። ምንም እንዳልገጠመኝ፣ በደኅና ደርሼ በደኅና መመለሴን አስረዳሁ። ለካስ እኔ ያልሁት «ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ» ሳይሆን «ወደ ቤተ መጻሕፍት እየሄድሁ ነበር» ኖሯል። እንዲህ ብሎ ወሬ የጀመረ ሰው ደግሞ ወይ ዝናብ ይዞታል፣ ወይ የድሮ ወዳጁን አግኝቷል እንጂ ነገሩን እዚያው ላይ አይተወውም።

«ሄድሁ» የሚለውን ቃል ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። «ፉይ» እንደሚባል በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ነገር ግን በሰዋስው መጽሐፌ ሰንጠረዥ ላይ ይኸው «ፉይ» «መሆን» በሚለው ግስ ሥርም ተጽፎ ነበር። «ነበርሁ» ማለትም «ሄድሁ» ማለትም እርሱ ነው። የማተሚያ ቤት ስሕተት ይሆናል ብዬ ስለ ተጠራጠርሁ ከሁለቱም ሸሽቼ «ኢባ» ላይ ተጠጋሁ።

ይህን ቋንቋ ያስተማረኝ አጎቴ ነው። እርሱም ልጅ ሳለ ከብዙ የኢትዮጵያ ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተልኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 «የወጣቶች ደሴት» ተብላ በተሰየመችው ደሴት ላይ ተምሮ ያደገ ሰው ነው። መውደቄን ስነግረው አላዘነልኝም።

«ጋሼ፤ ሰዎቹ ‹ሄድሁ› እና ‹ነበርሁ›ን በአንድ ቃል እየተናገሩ እንዴት ይግባባሉ?» አልሁት።

«አንተ ባለፈው ቅዳሜ የት ነበርህ?» አለኝ።

«ደብረ ብርሃን ነበርሁ።»

«ሄደህ ነው ወይስ ሳትሄድ?»

ጥቂት አሰብሁና ሳቅሁ። በእውነቱ «ደብረ ብርሃን ነበርሁ» ስል መሄዴን መናገሬ ነው፤ የሰማኝም ሰው «እንዴት ደረስህ?» ብሎ አይጠይቀኝም። የእስፓኞቹም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። አንድ ሰው ከተማው ውስጥ ከነበረ ወደ ከተማው ሄዷል፤ ከዚህ የተነሣ የ«መሆን» ኀላፊ የ«መሄድ»ንም ሥራ ደርቦ ያዘ። የሚለያቸው ከኋላ የሚመጣው ቃል ነው። «ፉይ ማኤስትሮ» ቢሉ «መምህር ነበርሁ»፤ «ፉይ አ ላ አባና» ቢሉ ግን «ወደ ሐቫና ሄድሁ» ማለት ነው፤ ያች «አ» የምትባል ቃል «ወደ» ናትና።

እንግዴህ «ኢር» የተባለው ግስ ሕግ ያፈረሰ ወሮበላ ሳይሆን ሦስት አባት ያለው ልጅ ነው። የእስፓኝ ቋንቋ ከላቲን የተወለደ ነው፤ በላቲን ደግሞ «መሄድ» «ኢሬ» ይባል ነበር። ይህ ግስ ግን ሲነገር እጅግ አጭር ነው፤ አንዳንዱ ቅርጹ ከአንድ ትንፋሽ አያልፍም። በአፍ ሲመላለስ እየሳሳ ስለ ሄደ ሕዝቡ የአሁኑን ጊዜ ሲናገር «ቫዴሬ» የተባለውን ጠንካራ ግስ ያዘ። ስለዚህ ዛሬ «እሄዳለሁ» ለማለት «ቦይ»፣ «ትሄዳለህ» ለማለት «ባስ»፣ «ይሄዳል» ለማለት «ባ»፣ «እንሄዳለን» ለማለት «ባሞስ»፣ «ይሄዳሉ» ለማለት «ባን» ይላሉ፤ የላቲኑን «ቭ» እስፓኞች «ብ» ብለው ያነቡታል። «ትሄዳላችሁ» የሚለው «ባይስ» በእስፓኝ አገር ይነገራል፤ በኩባ ግን አጎቴ አንድ ቀንም እንዳልሰማው ይናገራል፤ እዚያ ለብዙዎችም «ባን» ነው የሚሉት።

ሁለተኛው አባት ያው የጥንቱ «ኢሬ» ሲሆን ጨርሶ አልሞተም። እኔን የጣለኝ «ኢባ» የእርሱ ልጅ ነው፤ የሮማ ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት «ኢባም» ይሉት የነበረው ነው፤ የጐደለው የመጨረሻው ድምፅ ብቻ ነው። ሦስተኛው አባት ደግሞ «መሆን» ሲሆን ኀላፊውን «ፉይ»ን አዋሰ።

እዚህ ላይ ስለ «መሆን» አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እስፓኞች «መሆን»ን «ሴር» ይሉታል። ይህ «ሴር» የሚለው ስሙ የመጣው በላቲን «መቀመጥ» ማለት ከሆነው «ሴዴሬ» ነው። አሁን ወደ ግዕዝ እንመለስ። በግዕዝ «ነበረ» ማለት «ተቀመጠ» ማለት ነው፤ «መንበር»ም ከዚያው ወጣ። እኛም እነርሱም ሳንመካከር «መሆን»ን ከመቀመጫ ላይ አንሥተነዋል። ደግሞም የእኛ «ነው» ራሱ ምን ያህል አባት አለው? ዛሬ «ነው»፤ ትናንት «ነበር»፤ ነገ «ይሆናል»፤ ሲከለከል «አይደለም»። አራቱም በመልክ አይመሳሰሉም። «ነበር» ደግሞ የ«ነው»ም የ«አለ»ም ኀላፊ ነው፤ «መምህር ነበር» እና «ቤት ነበር» እንላለን። አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን በሰንጠረዥ ቢያየው እንደ እኔው ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል።

የትንቢቱ ጊዜ ግን አያስቸግርም። «ኢሬ» እሄዳለሁ፤ «ኢራስ» ትሄዳለህ፤ «ኢራ» ይሄዳል፤ «ኢሬሞስ» እንሄዳለን። አሠራሩም የታወቀ ነው፤ «ኢር» በሚለው ላይ «አለኝ» የሚለው ረዳት ግስ ተለጥፎበት ነው። «እሄዳለሁ» የምንለውን ቃል ብንፈታው «እሄድ» እና «አለሁ» ሆኖ ይገኛል።

አንባቢው ይህን ቋንቋ ሊማር ካሰበ እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ ላሳየው። በአማርኛ «እሄድ ነበር» የሚለው ሁለት ነገር ይሸከማል። «ልጅ ሳለሁ በየቀኑ ወንዝ እሄድ ነበር» ስንል የተለመደ ነገር መናገራችን ነው፤ እስፓኞች ይህን «ኢባ» ይሉታል። «ገንዘብ ቢኖረኝ እሄድ ነበር» ስንል ግን ያልሆነ ነገር መመኘታችን ነው፤ ይህን «ኢሪያ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ተሄዶ ያለቀው ደግሞ «ፉይ» ነው። አማርኛን ቃል በቃል እየገለበጠ የሚናገር ሰው ምኞቱን እንደ ልማዱ አድርጎ ሲያወራ ይውላል።

የቆሎ ትምህርት ቤት የቀመሰ ሰው «ዘንድ አንቀጽ» ሲባል ያውቃል፤ በግዕዝ «ከመ ይሑር» ማለት «ይሄድ ዘንድ» ማለት ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የተማረ ሰው በእስፓኝኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስለቅሰው ይህ አንቀጽ ነው፤ ለእኛ ግን ባዕድ አይደለም። «ባያ» ለብቻው ሲነገር «ይሂድ» ነው፤ ለሚያከብሩት ሰው «ይሂዱ» ለማለትም ያው ነው፤ «ኪዬሮ ኬ ባያ» ሲሉ ደግሞ «እንዲሄድ እፈልጋለሁ» ነው። ሰውን ሲሰናበቱ «ኬ ቴ ባያ ቢዬን» ይላሉ፤ ነገርህ ሁሉ በደኅና ይሂድልህ ለማለት ነው። አጎቴ ደግሞ የቤት ኪራይ በተጨመረ ቍጥር «ባያ!» ይላል፤ ይህኛው የእኛን «ወይ ጉድ!» ይተካል። ምኞት ወደ ኋላ ሲመለስ «ፉዌራ» ይሆናል፤ እዚህም «ብሆን» እና «ብሄድ» አንድ ናቸው። «ሲ ፉዌራ ሪኮ፤ ኢሪያ አ ላ አባና» ቢሉ «ሀብታም ብሆን ወደ ሐቫና እሄድ ነበር» ማለት ነው።

በትእዛዙም በኩል ሌላ ጉድ አለ። «ሂድ» በእስፓኝኛ «ቤ» ነው፤ «እይ»ም «ቤ» ነው። ሲከለክሉ ግን «ቤ»ን ትተው ከዘንድ አንቀጽ ይበደሩና «ኖ ባያስ» ይላሉ። እኛም «ና» ብለን ጠርተን ስንከለክል «አትና» አንልም፤ «አትምጣ» እንላለን። በአርጀንቲና ደግሞ ወዳጁን «ቦስ» ብሎ የሚጠራ ሰው «ሂድ» ለማለት ከዚህ ግስ የሚሆን ቅርጽ ስለሌለው «መራመድ» ከሚለው ተበድሮ «አንዳ» ይላል፤ አራተኛ አባት መጣ ማለት ነው።

አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ የካስቲልያን ቋንቋ ሰዋስው ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1492 ነው። የቋንቋው ጠባቂ የሆነው የንጉሣዊው አካዳሚ በ1713 ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ግስ እስከ ዛሬ ለሊቃውንቱ አልተገዛም። ብዙ ሰዎችን «ተነሥታችሁ ሂዱ» ለማለት ደንቡ «ኢዶስ» በሉ ይላል፤ የእስፓኝ ሕዝብ ግን በንግግሩ «ኢሮስ» እያለ እምቢ አለ። አካዳሚው በ2017 «ኢሮስ» ማለትም ይፈቀዳል ብሎ ተቀበለ። የተቈጡ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን አካዳሚው ደግ አደረገ እላለሁ።

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ በ«መሄድ»ና በ«መሆን» ላይ ወረደ? በቀን መቶ ጊዜ የሚነገሩ ስለ ሆኑ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚነገር ግስ ቅርጹ ወጣ ያለ ቢሆን ማንም አያስታውሰውምና በደንቡ ይረባል። እናት ለልጇ ከማለዳ እስከ ማታ የምትናገረው ግን የቱንም ያህል ቢያፈነግጥ ከልጁ አፍ አይጠፋም። ፈረንሳዮችም «መሄድ»ን ከሦስት ቦታ ሰብስበውታል። የእንግሊዝኛው «ዌንት» «ዌንድ» ከተባለ ከሌላ ግስ የተወሰደ ኀላፊ ነው።

ይህ የመጨረሻው ለእኔ ኀፍረት አለበት። እኔ የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው። ፈተና ከመውደቄ ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፤ ‹ጎ› የነበረው እንዴት ‹ዌንት› ሆነ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ይህ አይጠየቅም፤ በቃልሽ ያዢው» አልኋት፤ ክፍሉ ሳቀባት። ከዚያ በኋላ እጇን ሲወጣ አላየሁም። መልሱን ስላላወቅሁት ነበር ያልመለስሁላት፤ ሰንጠረዡን እኔም በቃሌ ነበር የያዝሁት፤ በፈታኙ ፊት ያዋረደኝም በቃል የያዝሁትን ለማመን አለመቻሌ ነው።

ከአጎቴ ጋር የተነጋገርን ሰሞን ወደ ክፍሉ ገብቼ ጥያቄውን በስሟ መልሼ አነሣሁት። «ዌንት»ን ከየት እንደ መጣ ነገርኋቸው፤ ከዚያም በሰሌዳው ላይ «መጣ፣ ይመጣል፣ ይምጣ» ብዬ ጻፍሁና ትእዛዙን ጠየቅሁ። አርባ ልጆች በአንድ አፍ «ና!» አሉ። ከዚያ ጸጥ አሉ፤ እርስ በርስም ተያዩ። «ና»ን ከ«መጣ» ጋር የሚያገናኘው አንድም ፊደል እንደሌለ እስከዚያ ቀን አላስተዋሉም ነበር።

ልጅቱ እጇን አነሣች።

«መምህር፤ ‹እንካ›፣ ‹እንኪ›፣ ‹እንኩ› እንላለን። ‹እንካ› ትናንት ሲሆን ምን ይባላል?»

ቆሜ አሰብሁ። ኀላፊም ትንቢትም አጣሁለት፤ ከትእዛዝ በቀር ምንም የሌለው ግስ ነው። አባቱ ማን እንደ ሆነ አጥንቼ በሚመጣው ሰኞ እንድነግራት ቀጠሮ ጠይቄያታለሁ።