በካሴት ተቀምጦ የኖረ እንጕርጕሮ

ሙዚቃ የሚወድ ሰው ኹሉ የሚያውቀው አንድ ደስታ አለ። ይኸውም ማንም ያላስተዋለውን ዜማ በአጋጣሚ አግኝቶ፥ ደጋግሞ ሰምቶ፥ ለብቻው ይዞት መቀመጥ ስለማይችል ወዳጁን ጠርቶ «እስቲ ይህን ስማ» ማለት ነው። የስመ ጥሩዎቹን ዘፈን ለማሰማት ድካም የለበትም፤ ራዲዮውም አደባባዩም ያሰማዋል። ግጥሙን ራሱ ደርሶ፥ ዜማውን ራሱ አውጥቶ፥ ራሱ አንጐራጕሮ ሰሚ ያጣውን ግን አንድ ወዳጅ ካላነሣው በቀር የሚያነሣው የለም። በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ገጻችን የምናወሳው እንደዚህ ያለ ዕድል የገጠማቸውን እናት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነገር ነው። ዓመታቱን ኹሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፥ እኅታቸው ደግሞ በትምህርትና በድርሰት የታወቁት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በ1937 ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ለንደን ለመሄድ የነበራቸው ተስፋ ሳይፈጸም ቢቀር ግን ዓለምን ንቀው መነኰሱ፤ በግሸን ማርያምም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖውን እንደ ገና ያነሡት ከዚያ ሲመለሱ ነው። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለድኾችና ለሙት ልጆች መርጃ እንዲውል አደረጉት።

ያ ሸክላ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ቀርቶ ነበር። ወደ ብዙዎች ጆሮ እንዲደርስ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ይህ ሰው በ1984 አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ይዞ የተመለሰውን የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ እጅግ ቢደነቅ፥ በካሴት እየቀዳ ለወዳጆቹ ላከላቸውና «ይህ ምንድን ነው?» እያሰኘ ኹሉን አስገረማቸው። ከዚህ ጀምሮ የኢትዮጵያን ሙዚቃ መፈለግ ሥራው ሆነ፤ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውንም ተከታታይ እትም አቋቋመ። ከዚያም 21ኛውን ቍጥር በ2006 ለእማሆይ ፒያኖ ብቻ ሰጠው። በዚያን ጊዜ እርሳቸው በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ይኖሩ ነበር። ፒያኖውን የሰሙ ሙዚቀኞች እስከ በዓታቸው ድረስ እየሄዱ ጐበኟቸው፤ በእጃቸው የጻፏቸው የዜማ ወረቀቶችም ተሰብስበው በ2013 በመጽሐፍ ታተሙ። ኹሉም የተጀመረው ከሹመት ወይም ከትእዛዝ ሳይሆን አንዱ ለሌላው ከማሰማቱ ነው።

ነገር ግን ፒያኖ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ባሕሩን የተሻገረውም ስለዚህ ይመስለናል። እማሆይ ግን ግጥምም ደራሲ ነበሩ፤ በአማርኛም ያንጐራጕሩ ነበር። በደርግ ዘመን፥ አገራቸውን ለቀው ከመሄዳቸው በፊት ባሉት ዓመታት፥ በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ፒያኖ ፊት ተቀምጠው በአንድ ተራ የካሴት መቅጃ የገዛ ድምፃቸውን ቀድተዋል። ስቱዲዮ የለም፥ ባንድ የለም፥ ከጎናቸው ኾኖ የሚያርም መሐንዲስም የለም። በመስኮቱ በኩል የወፎች ድምፅ አብሮ ገብቷል። እነዚህ ካሴቶች ብዙ ዓመት ሳይታተሙ ኖረው፥ እማሆይ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፥ በ2024 መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ «ትዝታዎች» የሚል ትርጕም ባለው ስም አወጣቸው።

እንግዲህ ልብ የሚነካው ነገር እዚህ ላይ ነው። የፈረንጅ ሰሚ እነዚህን ቃላት የሚያገኛቸው ከሸክላው ጋር በተሰጠው ትርጕም ነው። እኛ ግን አገር ሳይለቁ ስለ አገር ናፍቆት የሚያንጐራጕሩትን፥ በሩቅ ስላለ ሰው ሰማዩ ጠራ ወይስ ደመነ ብለው የሚጠይቁትን እናት ያለ ማንም ረዳት እንሰማለን። ድምፃቸው የአዳራሽ ድምፅ አይደለም፤ ቀጭንና ጥንቁቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ፒያኖውን ላለመቀስቀስ የሚፈራ ይመስላል። ይህን ጕድለት ነው የሚል ይኖራል። በእኛ አስተያየት ግን የዚህ ሥራ ውበቱ ይኸው ነው፤ ሰው ለራሱ ሲያንጐራጕር እንጂ ለጭብጨባ ሲዘፍን እንደዚህ አይሰማም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «መነኵሲት ዘፈን ትዘፍናለችን?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዜማው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አይደለም፤ ለጭፈራም የሚሆን አይደለም። አያቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ ወይም ሕፃን ሲያስተኙ የሚያሰሙትን ያለውን ስም ወስደን እንጕርጕሮ ብንለው ይበቃል። በቅርቡ በአንድ እሑድ ከቡና በኋላ ለጥቂት ሰዎች አሰምተነው ነበር። ወጣቶቹ የፒያኖውን አካሄድ ተከታተሉ፤ አረጋውያኑ ግን ቃሉን ነው የያዙት፤ አንዲት እናትም ሁለተኛ እንዲደገምላቸው ለመኑን። ከዚያ ወዲህ ከእነዚያ እንግዶች ሦስቱ በየቤታቸው አሰምተዋል።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ይኖር የነበረው ሲክስቶ ሮድሪጌዝ በ1970ና በ1971 ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የደረሰባቸውን ሁለት ሸክላዎች ቢያወጣ በአገሩ የገዛቸው ጥቂት ሰው ነበር፤ እርሱም ቤት በማፍረስና በጕልበት ሥራ ልጆቹን አሳደገ። በደቡብ አፍሪካ ግን ሸክላው ከእጅ ወደ እጅ፥ ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ ዝናው ገነነ፤ ሞቷል ተብሎም ይወራ ነበር። በ1997 ሁለት ወዳጆቹ ፈልገው በሕይወት አገኙት፤ የፈላጊዎቹን ጥሪ አይታ የመለሰችላቸው የገዛ ልጁ ነበረች። በ1998 ወደዚያ አገር ሄዶ በብዙ ሕዝብ ፊት ዘፈነ። ስለ ታሪኩ የተሠራው ፊልም በ2013 የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል። እርሱም እማሆይ ባረፉበት በዚያው በ2023 ዐረፈ። በእነዚያ ኹሉ ዓመታት በደቡብ አፍሪካ ከተሸጠው ሸክላ ለደራሲው ገንዘብ አለመድረሱን ስናስብ፥ ማካፈል ብቻውን በቂ አለመሆኑን እንረዳለን። ያገኙትን ዜማ ለወዳጅ ማሰማት መልካም ነው፤ ሥራው ታትሞ የሚሸጥ ከሆነ ግን ገዝቶ መስጠት ይበልጣል፤ የደራሲውንም ስም ሳያሳስቱ መናገር ግዴታ ነው። «የአንዲት ሴት ዘፈን ነው» ተብሎ የተላለፈ ዜማ በሦስተኛው ቤት ባለቤት አልባ ይሆናል።

ለማሰማትም ወግ አለው። ዐሥር ዘፈን አከታትሎ ማስደመጥ እንግዳን ያሰለቻል፤ አንዱን መርጦ፥ የደረሰውን ሰው ስም አስቀድሞ ተናግሮ፥ ሲሰማም ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል። በየመካከሉ «አሁን የሚመጣውን ስሙ» የሚል ባለቤት ከዘፋኙ ጋር ይሻማል።

በየቤቱም ሣጥን ውስጥ በሠርግ፥ በማኅበር ወይም በአንድ ጸጥ ያለ ማታ የተቀዳ የአጎት ክራር፥ የአክስት እንጕርጕሮ ያለበት ካሴት አይጠፋም። ሙቀትና እርጥበት የካሴቱን ክር ስለሚያበላሹት ከፀሓይና ከወጥ ቤት አርቆ፥ ከድምፅ ማጕያና ከማግኔትም ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። በካሴቱ ጀርባ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች መስበር ልጆች በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዱበት ይከለክላል። ክሩ ሳይጣበቅ በዐዲሱ መሣሪያ ማስገልበጥ፥ በላዩም የዘፈነውን ሰው፥ ግጥሙን የደረሰውን ሰውና ዓመቱን ድምፁን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳሉ ጠይቆ መጻፍ ነው።