የሞተር ዘይት አመራረጥ፤ ወፍራሙ ሁሉ የተሻለ አይደለም

በመኪና መለዋወጫ መደብር ዘወትር የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። መኪናው ማጨስ የጀመረበት ወይም ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የሚጎድልበት ደንበኛ ይገባና «ወፍራሙን ዘይት ስጠኝ» ይላል። ባለሱቁም ደንበኛውን ላለማስከፋት ወፍራም የተባለውን ከመደርደሪያው ያወርድለታል። ሽያጩ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ የተሸጠው ዘይት ግን በሞተሩ ውስጥ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሠራል። ምርጫው የተሳሳተ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደንበኛው ገንዘቡን፣ ባለሱቁም ደንበኛውን ያጣል።

ስለዚህ ዘይት የሚያስመጣም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ በዕቃው ላይ የተጻፉትን ቁጥሮችና ፊደሎች ትርጉም ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

የቁጥሮቹ ትርጉም

ዘይት ሁሉ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። ማር በብርድ ጧት ከዕቃው ለመውረድ እንደሚዘገይ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ፈጥኖ እንደሚፈስ ማለት ነው። ይህን ጠባይ በቁጥር ለመግለጽ የሚያገለግለውን ደረጃ ያወጣው በ1905 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በ1911 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሲሆን፣ በየጊዜው እየተሻሻለ እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ ይሠራበታል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ዕቃ ላይ «10ደብልዩ-40» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ የሚኖረውን ጠባይ ይናገራል። ደብልዩ በእንግሊዝኛ የበረዶው ወራት ስም የሚጀምርበት ፊደል ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ይበልጥ ይፈሳል። ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። ይህም ሴንቲስቶክ በተባለ መለኪያ ሲለካ ባለ 20 ቁጥሩ ከ6.9 እስከ 9.3፣ ባለ 30 ቁጥሩ ከ9.3 እስከ 12.5፣ ባለ 40 ቁጥሩ ከ12.5 እስከ 16.3፣ ባለ 50 ቁጥሩ ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። እንግዲህ ባለ 20 የታዘዘለት ሞተር ባለ 50 ቢሞላበት፣ ከታሰበለት እጥፍ የሚሆን ውፍረት ተጫነበት ማለት ነው።

በሞተሩ ውስጥ የሚሆነው

ዘይት በሚፋተጉት ብረቶች መካከል ገብቶ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ የሚለይ ስስ ሽፋን ይሆናል። ሽፋኑ የሚገባበት ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ዘይቱ ለዚያ ሞተር ከሚገባው በላይ የቀጠነ እንደ ሆነ ሽፋኑ ይሰበርና ብረት ከብረት ይገናኛል። ይህን ጉዳት ሹፌርም ሆነ መካኒክ ያውቀዋል፤ ወፍራም ዘይት የተወደደውም ይህን በመፍራት ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ግን ተቃራኒው ጉዳት ነው። ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት ሞተሩ ጧት ሲነሣ ከላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ በነዚያ ጥቂት ሰኮንዶች ብረቱ ያለ በቂ ዘይት ይሠራል። በጠባቡም ክፍተት ውስጥ እንደ ልብ ስለማያልፍ ሙቀቱን ከብረቱ ላይ ወስዶ ማብረድ ይሳነዋል። ሞተሩ ወፍራሙን ዘይት ለመግፋት ኃይል ስለሚያባክን የነዳጅ ወጪው ይጨምራል። ከዚህም በቀር በዘመናችን የሚሠሩ ብዙ ሞተሮች የቫልቮቻቸውን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክሉት በቀጭን መተላለፊያ በሚያልፍ የዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ ሲወፍር መሣሪያው ይዘገያል፣ የማስጠንቀቂያውም መብራት ሊበራ ይችላል።

የሚያጨስ ሞተርስ? ሞተር ዘይት የሚበላው የፒስቶኑ ፋሻ ሲያልቅ ወይም የቫልቭ ጎሚኒው ሲደርቅ ነው። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል፤ ያለቀውን ፋሻ ግን አይተካም። የሠሪው መጽሐፍ ከአንድ በላይ ውፍረት የሚፈቅድ ከሆነ፣ ብዙ ለሠራ ሞተር ከተፈቀዱት መካከል ወፍራሙን መምረጥ ተገቢ ነው። ከተፈቀደው ውጪ መሄድ ግን ሕመሙን መሸሸግ እንጂ መፈወስ አይደለም።

ደጋና ቆላ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ከባድ መኪና ከባሕር ጠለል ጀምሮ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። በአፋር በረሃ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን አዲስ አበባ ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ ለቆላ ወፍራም፣ ለደጋ ቀጭን ዘይት ያስፈልጋል የሚል አስተያየት በሰፊው ተሰራጭቷል።

አስተያየቱ ከፊል እውነት አለው። የአንዳንድ መኪናዎች መጽሐፍ እንደ አየሩ ሙቀት የሚፈቀደውን ዘይት በሰንጠረዥ ያሳያል። ነገር ግን የሞቀ ሞተር ሙቀቱን በቴርሞስታትና በራዲያተር እየተቆጣጠረ ስለሚሠራ፣ በደጋና በቆላ መካከል ያለው ልዩነት በዘይቱ ላይ ሲደርስ በጣም ይቀንሳል። ዘይቱን ይበልጥ የሚያሞቀው ከባድ ጭነትና ረዥም ዳገት ነው። የብርዱም ነገር ቢሆን፣ 15ደብልዩ የተባለው ዘይት ሞተር ለማስነሣት የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ስለሆነ፣ ለአዲስ አበባ ጧት አያንስም። ቡና ጭኖ ወደ ወደብ ለሚወርድና ዕቃ ጭኖ ለሚመለስ የናፍጣ መኪና 15ደብልዩ-40 የተለመደ ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ደንብ ይገኛል። በአገራችን አየር ከደብልዩ በፊት ባለው ቁጥር ነጋዴው ጥቂት ነፃነት አለው፤ 10ደብልዩ-30 ለሚጠይቅ ሞተር 5ደብልዩ-30 ቢሸጥ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ቁጥር ግን ሠሪው ካዘዘው እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያሻል።

ፊደሎቹም ይነበቡ

ውፍረቱ ልክ ሆኖ የዘይቱ ደረጃ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ደረጃውን የሚያመለክቱት የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ያወጣቸው ፊደሎች ናቸው፤ በኤስ የሚጀምሩት ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምሩት ለናፍጣ ሞተር ናቸው። ተቋሙ ራሱ እንዳስታወቀው፣ ኤስኤፍ የተባለው ደረጃ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ለተሠሩ የቤንዚን ሞተሮች አይስማማም። ኤስፒ የተባለው ደረጃ የወጣው በ2020፣ ለናፍጣ የሆነው ሲኬ-4 ደግሞ በ2016 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። እንግዲህ ዋጋው ረክሶ የቀረበለትን ባለ ኤስኤፍ በርሜል የሚገዛ አስመጪ፣ በከተማው ለሚሽከረከሩት አብዛኞቹ አውቶሞቢሎች የማይሆን ዕቃ ለመግዛት ገንዘቡን እንደሚያስር ሊያውቅ ይገባዋል።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

ገንዘብ ሳይታሰር ደንበኛን ማርካት ይቻላል። አስመጪው ከማዘዙ በፊት በሚያገለግለው ገበያ የትኞቹ ሞተሮች እንደሚበዙ ይጠይቅ። ለአዳዲስ የጃፓን አነስተኛ መኪናዎች 0ደብልዩ-20 እና 5ደብልዩ-30፣ ለከባድ የናፍጣ መኪና 15ደብልዩ-40፣ ለቆዩት ሞተሮች 20ደብልዩ-50 ቢይዝ የብዙውን ደንበኛ ፍላጎት ያሟላል።

ባለሱቁም ዕቃውን ከማውረዱ በፊት የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና የመጽሐፉን ትእዛዝ ይጠይቅ፤ መጽሐፉ የጠፋ እንደ ሆነ በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ቁጥሩ የተጻፈ መሆኑን ያሳስብ። በርሜሉን ከቤት ውጪ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ደግሞ አጋድሞ ያኑረው፤ በቆመ በርሜል ክዳን ላይ የተጠራቀመ የዝናም ውሃ ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ዘይቱም ይበላሻል።

በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተገልጿል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አያሻውም። ነገር ግን አስቀድመው የገቡት የቤንዚንና የናፍጣ መኪናዎች በቀላሉ የሚተኩ ስላልሆኑ፣ ባለቤቶቻቸው ዕድሜያቸውን ለማርዘም ከቀድሞው ይልቅ መጣራቸው የማይቀር ነው። ይህም ዘይትን አውቆ ለሚሸጥ ነጋዴ የሚጠቅም ገበያ ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተሸጠ ዘይት ጥቅሙ በጥድፊያ ያልፋል። ወፍራሙን ስጠኝ ለሚል ደንበኛ «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብሎ የሚመልስ ባለሱቅ ምናልባት አንድ ሽያጭ ያዘገይ ይሆናል፤ ሞተሩ በደህና የሠራለት ደንበኛ ግን ለሚቀጥለው ዘይት ቅያሪ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው።