ግራኒ ስኩዌር፦ ከመሐል የሚያድግ ካሬ

ግራኒ ስኩዌር በኪሮሽ ከመሐል ወደ ውጭ እየተዞረ የሚሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ነው። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ የሶፋ ልብስ ወይም ቦርሳ ይወጣቸዋል። በኢትዮጵያ ቤቶች ጠረጴዛና ሶፋ ላይ የሚነጠፈውን ዳንቴል የሚያውቅ ሰው ለመሣሪያው እንግዳ አይደለም። ዳንቴሉ ቀጭን የጥጥ ክርና ቀጭን ኪሮሽ ሲፈልግ፣ ይህ ግን ወፈር ባለ የሹራብ ክርና አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ኪሮሽ ይሠራል።

ሥራው የሚጀምረው በሸምቀቆ ነው። በሸምቀቆው ውስጥ ክር እየተሳበ አራት ወይም አምስት ዐይን ያለው ሰንሰለት ይወጣል፤ ጫፍና ጫፉ ሲያያዝ ትንሽ ቀለበት ይሆናል። በቀለበቱ ውስጥ ቋሚዎች ይሠራሉ። ለአንድ ቋሚ ክሩ ኪሮሹ ላይ አንዴ ይጠመጠማል፤ ኪሮሹ ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ክር ይዞ ሲመለስ ሦስት ዐይን ይሸከማል። እንደገና ክር ይዞ በሁለቱ ውስጥ፣ አሁንም ክር ይዞ በቀሩት ሁለት ውስጥ ይሾልካል። ሦስት ቋሚ ተጠጋግተው አንድ ዘለላ ይሆናሉ። በየመካከላቸው ሁለት ዐይን ሰንሰለት እየገባ አራት ዘለላ ሲሞላ የመጀመሪያው ዙር ያበቃል፤ አራቱ ክፍተቶችም የካሬው ማዕዘኖች ይሆናሉ።

ቅርጹን የሚይዘው ማዕዘኑ ነው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ዘለላ፣ በጎን ባሉት ክፍተቶች ግን አንድ አንድ ብቻ ይገባል። ስለዚህ የዘለላው ቁጥር 4፣ 8፣ 12፣ 16 እያለ ያድጋል። አንድ ማዕዘን ከተዘለለ ቁራጩ ወዲያው ይጣመማል፤ ስህተቱ ቶሎ መታየቱ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ክሩን ስቦ መተርተርም ቀላል ነው፤ በኪሮሽ ሥራ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ዐይን ብቻ ነውና።

በኅትመት ከሚታወቁት ቀደምት መመሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1885 በአሜሪካ «ፕሬሪ ፋርመር» በተባለ የገበሬዎች መጽሔት ወጥቷል። በ1970ዎቹ ካሬው ከብርድ ልብስ አልፎ የፋሽን ልብስ ሆነ። ዘመን ያሻገረው ግን ቁጠባው ነው፦ ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ክር ለአንድ ዙር ይበቃል፤ ሥራውም ቦርሳ ውስጥ ተይዞ ይዞራል።

ለሕፃን ብርድ ልብስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 64 ካሬዎች፣ በስምንት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው፣ 80 በ80 ያህል ይሰጣሉ። አድካሚው ክፍል የክር ጫፍ መደበቅ ነው። በአራት ቀለም የተሠራ አንድ ካሬ ስምንት ጫፍ ይተዋል፤ በ64 ሲባዛ 512 ይደርሳል። እያንዳንዱ በመርፌ ወዲህና ወዲያ መግባት አለበት፣ አለዚያ በእጥበት ይፈታል። ብልህ ሠራተኛ ካሬውን እንደጨረሰ ጫፉንም አብሮ ይጨርሳል። ጫፍ መቁጠር የማይፈልግ ሰው አንዱን ካሬ ሳያቋርጥ እያዞረ ሙሉ ብርድ ልብስ ሊያደርሰው ይችላል።

ክሩ ለስላሳ፣ ፀጉር የማይለቅና በማሽን የሚታጠብ ጥጥ ወይም አክሪሊክ ቢሆን ይመረጣል። የክፍተቶቹም ነገር መታሰብ አለበት፤ ሰፊ ከሆኑ የሕፃን ጣት ይያዝባቸዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት አልጋ ላይ ልቅ ብርድ ልብስ እንዳይደረግ ስለሚመክር፣ እንዲህ ያለው ብርድ ልብስ ሕፃኑ ነቅቶ፣ ሰውም አጠገቡ ሆኖ በዐይኑ ሲከታተለው የሚገለገሉበት ነው።