ቅጣቱን ጨርሶ ወደ መንዝ የተመለሰ ሰው፤ ስለ ወንጀል ክፍሎች፣ ስለ ቅጣት አወሳሰንና ስለ መሰየም

አንድ ሰው በወንጀል ተከሶ ከተፈረደበትና የእስራቱን ዘመን ጨርሶ ወደ አገሩ ከተመለሰ ዕዳው አለቀ ማለት ነውን? ይህን ጥያቄ ለማንሣት ያስገደደን ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ መንዝ በሄድን ጊዜ ያጋጠመን ነገር ነው። በጌራ ምድር የሚኖሩ አንድ ገበሬ አነጋገርን። ስማቸውንና መንደራቸውን አንጠቅስም። እኒህ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በእርሻ ወሰን ጠብ ተነሥቶ ጎረቤታቸውን በዱላ ስለ መቱና ሰውዬው ስለ ሞተ፣ 9 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶባቸው ነበር። ከዚህም ውስጥ 6 ዓመት ደብረ ብርሃን ታስረው በአመክሮ ተፈትተዋል። ከወጡ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ከሟች ወገን ጋራ ታርቀው፣ በአንድ ማኅበር ጠጥተው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰው ይኖራሉ። ነገር ግን በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሲፈልግ ለመቀጠር ቢያመለክቱ፣ ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ እንዲያመጡ ተጠየቁ፤ ማስረጃውንም ማግኘት ሳይችሉ ቀሩ። «ከሟች ወገን ታርቄአለሁ፤ ከመዝገቡ የሚያስታርቀኝ ሽማግሌ ግን አላገኘሁም» አሉን።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ንግግር መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው። መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የአገሩን ልማድ፣ ቀጥሎም ሕጉ ወንጀልን እንዴት እንደሚከፍልና ቅጣትን እንዴት እንደሚወስን ማየት ያስፈልጋል።

ሀ. አገሩና የጥንቱ ልማድ

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ብርዱ የጸና፣ ገብስና በግ የሚበዛበት ደጋ ነው። ግሼ ከመንዝ በስተ ሰሜን ይገኛል። መርሐ ቤቴ ደግሞ በስተ ምዕራብ ዝቅ ብሎ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለ አገር ነው። በዚህ ሁሉ አገር የርስት ክርክር የታወቀ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ የርስት ሙግት ቢቀርም፣ በማሳ ወሰን፣ በግጦሽና በውሃ የሚነሣው ጠብ አልቀረም። ከዚሁ ጠብ ብዙ ጊዜ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

በጥንቱ ልማድ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ በአፈርሳታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም ነበር። ነፍስ የገደለ ሰው ሲገኝ ደግሞ የሟች ወገን ደመኛ ይሆናል፤ ደሙን ለመመለስ ወይም የደም ካሣ ተቀብሎ ለመታረቅ ምርጫ ነበረው። የግል ጥፋት ብቻ ሳይሆን የጋራ ሀብትም የራሱ ሥርዓት ነበረው። በመንዝ የሚገኘውን የጓሳን ሣር የአስቦና የጌራ ዘሮች በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት፣ በሚዘጋበት ዘመን ገብቶ ያጨደ ሰው ይቀጣ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ልማዱ መዝገብ አልነበረውም። ጥፋቱ የሚቀመጠው በሰው ልብ ውስጥ ነው፤ የሚዘጋውም በሰው ፊት ነው። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ካህኑ መስቀል ይዞ በመካከል ይቆማል፤ ካሣው ይከፈላል፤ ሽማግሌዎቹም ነገሩን እንደገና ያነሣውን ይረግማሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንሣት ነውር ይሆናል። ሥርዓቱ በመጨረሻ ላይ በር አለው ማለት ነው።

ለ. ሕጉ ወንጀልን የሚከፍልበት መንገድ

በአሜሪካ ሕግ ከባድ ወንጀል ፌሎኒ ይባላል፤ ብዙዎቹ ክፍለ አገሮችም ፌሎኒን በክፍል በክፍል ያስቀምጡታል። እንግሊዝ አገር ይህን አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣ ሕግ ትታዋለች። ፈረንሳይ ደግሞ ወንጀልን ከባድ፣ መካከለኛና ቀላል ብላ በሦስት ትከፍላለች።

የእኛ አገር ሕግ የሄደበት መንገድ ከነዚህ ይለያል። በ1923 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቀጥሎ፣ ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠርቷል። ይህም በአዋጅ ቁጥር 414 በወጣው የወንጀል ሕግ ተተክቶ፣ አዲሱ ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሆኗል። ሁለቱም ሕጎች ጥፋትን በሁለት ይከፍላሉ፤ አንደኛው በተለይ ወንጀል የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው የደንብ መተላለፍ ነው። በወንጀል ክፍል ውስጥ ያለውን ከባድና ቀላል የምንለየው ግን በስሙ ሳይሆን በቅጣቱ ዓይነት ነው።

ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ በልዩ ምክንያት እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ በወሰነበት ጊዜም የዕድሜ ልክ ይሆናል። የሞት ቅጣት በሕጉ ውስጥ ቢኖርም በርእሰ ብሔሩ ሳይጸድቅ አይፈጸምም።

አከፋፈሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ከነፍስ ግድያ ይልቅ የሚያሳይ ምሳሌ የለም። የሰው መሞት አንድ ነው፤ ሕጉ ግን የገዳዩን ሐሳብ ይመረምራል። አስቦና ጨክኖ፣ በሚያስነውር ምክንያት የገደለ ሰው በአንቀጽ 539 መሠረት የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ይፈረድበታል። ሐሳቡ እስከዚያ ያልከፋ፣ ነገር ግን አውቆ የገደለ ሰው በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። በድንገተኛ ቁጣ ተገፋፍቶ ወይም ከመከላከል ወሰን አልፎ የገደለ ሰው በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። በቸልተኝነት የሰው ሞት ያደረሰውም የራሱ አንቀጽ አለው። ስለዚህ በአንድ ወሰን ላይ በተነሣ ጠብ የተመታ ዱላ፣ ሁኔታው እየታየ፣ ከእነዚህ በአንዱ ሊወድቅ ይችላል።

ሐ. ቅጣት አወሳሰን

ከ5 እስከ 20 ዓመት በተባለው ሰፊ ሜዳ ውስጥ ዳኛው የት ላይ ይቆማል? ሕጉ ማቅለያና ማክበጃ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። የቀድሞ ጠባዩ መልካም የነበረ፣ በከባድ ችግር ተገፋፍቶ ያደረገ፣ የተጸጸተና ያጠፋውን ለመካስ የሞከረ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። በክፉ ሐሳብ ተነሣሥቶ፣ በሌሊት፣ በቡድን ወይም በመሣሪያ ያደረገ፣ ራሱን ለመከላከል በማይችል ሰው ላይ ያደረገ ግን ይከብድበታል።

ያነጋገርናቸው ሰው በአንቀጽ 540 ተከሰው 9 ዓመት የተፈረደባቸው ቀድሞ ተከሰው የማያውቁ በመሆናቸው፣ ወዲያው እጃቸውን በመስጠታቸውና ከፍርዱ በፊት ወደ ሟች ወገን ሽማግሌ በመላካቸው እንደ ሆነ ይናገራሉ። በዚህ ላይ የልማዱ እርቅ የመንግሥቱን ፍርድ ሊያቀልል እንደሚችል እናያለን፤ ምክንያቱም ካሣና ጸጸት በሕጉም የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ እርቁ ክሱን አያስቀርም። የግድያ ወንጀል ከሟች ወገን ሌላ የሕዝብም ጉዳይ ነውና።

ቀድሞ በተመሳሳይ ጥፋት አንዱ ዳኛ 7፣ ሌላው 14 ዓመት ይፈርዳል ተብሎ ይታማ ነበር። ይህን ለማቀራረብ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አሻሻለው። መመሪያው ወንጀሎችን በደረጃ፣ ቅጣቶችን በእርከን አስቀምጦ፣ ማቅለያና ማክበጃው እርከኑን ወደ ታችና ወደ ላይ እንዲያንቀሳቅስ ያደርጋል።

እስረኛው ጠባዩን ያሳመረ እንደ ሆነ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲፈጽም በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የ9 ዓመቱ ፍርደኛ በ6 ዓመቱ የወጡት በዚህ ሥርዓት ነው።

መ. ከወጡ በኋላ

በጣርማ በር በኩል አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ መሐል ሜዳ የሚመለሰው ሰው ሁለት ዕዳ ይዞ ይመለሳል። አንዱ የደም ዕዳ ነው። ይህን ሽማግሌዎች ይዘጉታል። ሳይታረቅ ከወህኒ የወጣ ሰው በአገሩ ተቀምጦ ማረስ ይቸግረዋል፤ መሬቱን ለሌላ ሰው አሳርሶ ወደ ቆላ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሰደድ ግድ ይሆንበታል። ሁለተኛው የመዝገቡ ዕዳ ነው። ፍርዱ በፖሊስ ዘንድ ተመዝግቧል፤ ሥራ፣ ፈቃድ ወይም ዋስትና በሚጠየቅበት ጊዜ በአሻራ ተመርምሮ ይወጣል።

መዝገቡ ግን ምን እንደሚከለክል ማስተዋል ይገባል። ለምሳሌ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ከቅጥር የሚያግደው እንደ እምነት ማጉደል፣ ስርቆትና ማጭበርበር ባሉ ወንጀሎች የተፈረደበትን ሰው ነበር። ሕጉ የሚመለከተው የወንጀሉን ጠባይና የሥራውን ግንኙነት ነው። ጸሐፊው ግን «ነጻ አይደለም» የሚለውን ብቻ አንብቦ ወረቀቱን ይመልሳል፤ ምን ወንጀል፣ መቼ፣ ከዚያ በኋላስ እንዴት ኖረ ብሎ አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ዕዳው ወደ ልጅ መተላለፉ ነው። የእኒህ ሰው ልጅ በተማሪ ቤት ከጓደኛው ጋራ በተጣላ ጊዜ «የነፍሰ ገዳይ ልጅ» ተብሎ ተሰድቧል። ልጁ አባቱ በታሰሩ ጊዜ አልተወለደም ነበር። ይህን ሲነግሩን ሰውዬው አንገታቸውን ደፉ፤ እኛም የምንመልሰው አጣን።

ሠ. መሰየም

የምንመልሰው ያጣነው ሕጉን ባለማወቃችን ነበር። ወደ ኮሌጅ ተመልሰን የወንጀል ሕጉን ስንገልጥ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» የሚባል ሥርዓት አገኘን። አሳቡ በ1949ኙ ሕግም የነበረ ሲሆን በፈረንሳይና በስዊስ ሕግ ከታወቀው ሥርዓት ጋራ ይዛመዳል። የተፈረደበት ሰው መልካም ስሙና መብቱ እንዲመለስለት ለፍርድ ቤት የሚያመለክትበት መንገድ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ሁኔታዎች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ፣ ቅጣቱ ከተፈጸመ በኋላ ጊዜ ማለፍ አለበት፤ ጽኑ እስራት ከሆነ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ጊዜ 2 ዓመት። ሁለተኛ፣ አመልካቹ የተፈረደበትን ካሣና ወጪ በተቻለው መጠን የከፈለ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠባዩ መልካም ሆኖ መገኘት አለበት። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት የተሻረበት መብት ይመለስለታል፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዝና ወደ ፊት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚህም በላይ የቀድሞውን ፍርድ በክፋት አንሥቶ የሚሰድብ ሰው ስለ ክብር መንካት በተደነገገው መሠረት ይጠየቃል። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ «የተዘጋውን ነገር ያነሣ» ብለው የሚረግሙትን ሰው፣ ሕጉም በራሱ ቋንቋ ይወቅሰዋል ማለት ነው።

ያነጋገርናቸው ሰው የአመክሮው 3 ዓመት ታስቦ ከዚያም 5 ዓመት ቢቆጠር፣ ለማመልከት ከሚያስፈልገው ጊዜ 3 ዓመት ተርፏቸዋል። ካሣ ከፍለዋል፤ ለጠባያቸውም የሟች ወንድም ሳይቀር ሊመሰክርላቸው ፈቃደኛ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲፈቱም ሆነ ከተፈቱ በኋላ ይህን ሥርዓት የነገራቸው ሰው አልነበረም።

መደምደሚያ

ልማዱና ሕጉ ተቃራኒ ናቸው ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እኛ ያየነው ግን ሁለቱም በመጨረሻቸው ላይ በር እንዳላቸው ነው። ልዩነቱ የልማዱን በር ሕዝቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሕጉን በር ግን በደጋው የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ እስረኛ በሚፈታበት ቀን ከመፍቻው ወረቀት ጋራ የሚሰየምበት ጊዜና መንገድ በአማርኛ ተጽፎ ቢሰጠው፣ የእርቁም ሽማግሌዎች በፍርድ ቤት ስለ ጠባዩ እንዲመሰክሩ ቢደረግ መልካም ነው እንላለን። ከእኛም መካከል ሕግ የሚማሩት በየዕረፍታቸው ማመልከቻ በመጻፍ ሊረዱ ይችላሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

እኛም በመጪው ዕረፍት የእኒህን ሰው ማመልከቻ ይዘን እንሄዳለን። ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚል አስቀድመን መናገር አንችልም። ነገር ግን ከመዝገቡ የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንዳለ ልንነግራቸው ይገባናል።