የተተከለን ልብ ስለ መጠበቅ

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ዴሴምበር 3 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በደቡብ አፍሪቃ በኬፕታውን ከተማ፥ በግሩት ስኩር ሆስፒታል፥ የሟች ልብ አውጥተው ሉዊስ ዋሽካንስኪ ለተባለ በሽተኛ ተከሉለት። ልቡ ሥራውን እየሠራ ሳለ ግን በሽተኛው ከ18 ቀን በኋላ ሞተ። የገደለውም የሳንባ በሽታ ነው፤ ሰውነቱ እንግዳውን ልብ እንዳይጣላ ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት፥ በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል አድክሞት ነበርና።

በሰው ደም ውስጥ ያሉት ዘበኞች እንግዳን የሚለዩት በመልኩ እንጂ በሥራው አይደለም። ስለዚህ ሕይወት ይዞ የመጣውን ልብ እንደ ወራሪ ቈጥረው ይወጉታል። ዘበኞቹን ፈጽሞ ማሰር ደግሞ በሩን ለበሽታ መክፈት ነው። እንግዲህ የሐኪሙ ጥበብ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማግኘት ነው። ይህ ልክ ገና ባልታወቀበት ጊዜ በ1968 ዓ.ም. ልብ ከተተከለላቸው ሰዎች የሚበዙት ዓመት ሳይሞላቸው ስለ ሞቱ፥ ብዙ ሆስፒታሎች ሥራውን ተዉት። በአሜሪካ በስታንፎርድ ግን ዶክተር ኖርማን ሸምዌይና ጓደኞቻቸው ምርመራቸውን ሳያቋርጡ ቀጠሉ።

ውጊያው ሲጀመር በሽተኛው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ድካም፥ የትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት እስኪታይ ቢጠበቅ፥ ልቡ እጅግ ተጐድቶ ይገኛል። ስለዚህ በዚያው በስታንፎርድ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፊሊፕ ኬቭስ፥ ቀጭን መሣሪያ በአንገት ደም ሥር አሳልፎ ከልብ ውስጥ ቅንጣት ሥጋ ቈንጥጦ በአጉሊ መነጽር የመመርመርን ዘዴ በ1973 ዓ.ም. አስታወቁ። ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ይደረጋል፤ ኋላም እየራቀ ይሄዳል። ሐኪሞችም የውጊያውን ክብደት ከ0 እስከ 3 በደረጃ ይለዩታል። ቀላል ሲሆን ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ መከታተል ይበቃል፤ ሲበረታ ግን ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት በብዛት በደም ሥር ይሰጣል።

በኖርዌይ አፈር ውስጥ ከተገኘ ሻጋታ የወጣው ሳይክሎስፖሪን በ1980 ዓ.ም. በስታንፎርድ ለልብ በሽተኞች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ተስፋው ጨመረ። ዛሬ ልብ ከተተከለላቸው ከግማሽ የሚበልጡት ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት ከልክ ሲያልፍ ኩላሊትን ስለሚጐዳ፥ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሳይለካ አይሰጥም። በሽተኛውም ደኅና ሆንሁ ብሎ በገዛ ፈቃዱ ቢተወው፥ የተኙት ዘበኞች ነቅተው ልቡን ይወጉታል።

ልብን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የተተከለውን መጠበቅ ግን እስከ ዕድሜ ፍጻሜ ነው።