ስለ ባቲ ከተማ አስተዳደርና በውስጧ ስለሚኖረው ሕዝብ

የከተማ ታላቅነት በቤቶቹ ብዛትና በመንገዶቹ ስፋት ብቻ የሚመዘን አይደለም። በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ፤ በምን ዓይነት ሕግ እንደሚተዳደሩ፤ በተጣሉም ጊዜ በማን ፊት እንደሚታረቁ ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። የባላገር ልጆች የሩቁን አገር ታሪክ ከመማራቸው አስቀድሞ አባቶቻቸው ሰኞ ሰኞ የሚወርዱበት ገበያ እንዴት እንደሚተዳደር ቢያውቁ ትምህርቱ ከኑሯቸው ጋራ ይስማማል። በዚህ ጽሑፍ ባቲ ምሳሌ ሁና የቀረበችው ስለዚህ ነው።

1ኛ፤ ስለ ከተማዋ አቀማመጥ

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ነው። ከእርሷ ወደ ምዕራብ የወሎ ደጋ ይነሣል፤ ወደ ምሥራቅ የአፋር ሜዳ ይዘረጋል። ስለዚህ እህል ያለው ደገኛና ከብት ያለው ቆለኛ የሚገናኙበት ሥፍራ መሆኗ በሰው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን በምድሩም አቀማመጥ የተወሰነ ነው።

የሰኞ ገበያዋ በኢትዮጵያ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነው። አፋሮች ግመልና በሬ፤ ፍየልና በግ፤ ቅቤና ጨው ይዘው ይመጣሉ። ደገኞች ደግሞ ጤፍና ማሽላ፤ አተርና ሽንኩርት፤ ቡናና ልብስ ያቀርባሉ። በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን የወረረው የኢጣልያ መንግሥት ከደሴ ወደ አሰብ ወደብ የሚወርደውን መንገድ በባቲ በኩል ስለ ሠራ፤ ከተማዋ ከገበያነት በተጨማሪ የመኪና መንገድ ማረፊያ ሆነች። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ በተነሣው ጦርነት የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ንግድ ተዘጋ፤ ቢሆንም መንገዱ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ስለሚያደርስ ጥቅሙ አልተቋረጠም።

የከተማዋ ስም በዜማም ይጠራል። ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከሚቆጠሩት አራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ ባቲ ይባላል። የብዙ ሕዝብ መገናኛ የሆነ ሥፍራ ለዜማ ስሙን ቢሰጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

2ኛ፤ ስለ ሕዝቡ

በባቲና በዙሪያዋ የሚኖሩት ሕዝቦች ኦሮሞ፣ አማራ፣ አርጎባና አፋር ናቸው። በዙሪያው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች የሚበዛው ኦሮሞ ነው። ባቲ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 457,278 ሰዎች ነበሩበት፤ ከእነዚህም ውስጥ በከተማ የሚኖሩት ከመቶ 11 ያህል ብቻ ነበሩ። በሃይማኖት ከመቶ ከ90 የሚበልጡት እስላሞች ናቸው፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ይኖራሉ።

የቋንቋውም ነገር ለመምህር የሚጠቅም ትምህርት አለበት። ኦሮምኛና አፋርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ሲሆኑ፤ አማርኛና አርጎብኛ ከሴም ቋንቋዎች ወገን ናቸው። እንግዲህ በአንድ የገበያ ሜዳ ላይ ሁለት ታላላቅ የቋንቋ ወገኖች ይገናኛሉ ማለት ነው። ከአርጎቦች ብዙዎቹ ከጊዜ ብዛት የጎረቤቶቻቸውን ቋንቋ ይዘዋል፤ ነገር ግን በዚያው አስተዳደር በዳዋ ጨፋ ወረዳ ከተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ በተሠራችው በሾንኬ መንደር አርጎብኛ እስከ ዘመናችን ሲነገር ቆይቷል። የገበያ ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ ማወቁ ለመመካት ሳይሆን ለመኖር ነው፤ ግመል ሻጭና እህል ሻጭ ካልተግባቡ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉና።

3ኛ፤ አስተዳደሩ በየዘመኑ እንዴት እንደ ነበረ

ከጠላት ወረራ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር አስተዳደር ሕግ ኢትዮጵያ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች። ባቲም በወሎ ጠቅላይ ግዛት በቃሉ አውራጃ ሥር ሆነች። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። በዚያ ዘመን የከተማው ሹም ከላይ በመንግሥት የሚሾም ነበር፤ በከተማው ጉዳይ የመምከርም ዕድል በብዛት ቤትና ርስት ላላቸው ሰዎች የተሰጠ ነበር። ጭሰኛውና ተከራዩ ቀረጥ ከመክፈል በቀር በምክሩ እምብዛም ድርሻ አልነበረውም።

በ1967 ዓ.ም. ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በየካቲት የገጠር መሬት፤ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። በገጠር ቢያንስ 20 ጋሻ በሆነ ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር፤ በከተማም የነዋሪዎች ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ዛሬ ሰው ሁሉ ቀበሌ ብሎ የሚጠራው አስተዳደር ሥሩ ከዚያ ነው። ርስት የሌለው ሰው በማኅበሩ መሰብሰብ ጀመረ፤ ነገር ግን ቀበሌው በነጻነት ከሚመክርበት ጊዜ ይልቅ የላይኛውን ትእዛዝ የሚያደርስበት ጊዜ ይበዛ ነበር።

በዚያው ዘመን በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የወረደው ረሃብ ባቲን የብዙ አሥር ሺህ ችግረኞች መጠለያ አደረጋት። ከደጋም ከቆላም የተሰደደው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። የባቲ ሽማግሌዎች ስለ አስተዳደር ሲናገሩ ይህን ዘመን ቢያነሡ ተገቢ ነው፤ የሕዝቡን ችግር በጊዜው ሰምቶ ለላይኛው የሚያሳውቅ አስተዳደር ከሌለ እህል በአገር ውስጥ እያለ ሰው ሊያልቅ እንደሚችል አሳይቷልና።

4ኛ፤ ስለ ዛሬው አስተዳደር

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አገሪቱን በክልሎች ከፈለ። ባቲ በአማራ ክልል ውስጥ ሆነች። የክልሉም ሕገ መንግሥት በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሲወጣ፤ በክልሉ ውስጥ ለሚኖሩት ለኽምራ፣ ለአዊና ለኦሮሞ ሕዝቦች የራሳቸው የብሔረሰብ አስተዳደርና ምክር ቤት እንዲኖራቸው ደነገገ። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ በቦርከና ሸለቆ ያለችው ከሚሴ ናት። በዚህ አስተዳደር ኦሮምኛ የሥራና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሲሆን፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው።

ባቲ በሚለው ስም ሁለት አስተዳደሮች እንዳሉ ተማሪው ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። አንዱ የባቲ ወረዳ ነው፤ እርሱም የገጠሩን ቀበሌዎች ያስተዳድራል። ሁለተኛው የባቲ ከተማ አስተዳደር ነው፤ የራሱ ምክር ቤትና ከንቲባ አለው። የከተማው ሥራ ደግሞ በሁለት ይከፈላል። ትምህርት፣ ጤናና ጸጥታ የመንግሥት ሥራ ስለ ሆኑ ገንዘባቸው በብዛት ከላይ በድጎማ ይመጣል። የገበያው ሥፍራ፣ ቄራው፣ ጽዳቱ፣ የውስጥ መንገዱና የመቃብሩ ቦታ ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ናቸው፤ ወጪያቸውም ከከተማው ከራሱ ቀረጥና ኪራይ ይሸፈናል።

እዚህ ላይ ባቲን ከሌሎች ከተሞች የሚለያት አንድ ችግር ይታያል። በሳምንት በስድስቱ ቀን የከተማዋ ሕዝብ በመዝገብ የተጻፈው ነዋሪ ነው፤ በሰኞ ግን ከወረዳው፣ ከደቡብ ወሎና ከአፋር ክልል የሚመጣው ሕዝብ ይጨመርበታል። ያ ሰው ውኃ ይጠጣል፤ መንገድ ይረግጣል፤ ቆሻሻ ይተዋል፤ ቀረጥም ይከፍላል። በከተማው ምክር ቤት ግን ወንበር የለውም፤ የአፋሩ እረኛ የሚመርጠው በሌላ ክልል ነውና። እንግዲህ የግመል ቀረጥ ቢጨመር ወይም የከብቱ ተራ ከቦታው ቢዛወር የሚወስኑት አንዶቹ ሲሆኑ የሚጎዱት ወይም የሚጠቀሙት ሌሎቹ ናቸው። ይህን ጉድለት የጻፈው ሕግ ብቻውን አይሞላውም፤ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ምክር ያስፈልገዋል።

5ኛ፤ ስለ ዳኝነትና ስለ ሽምግልና

ውኃ ሲጎድል ተሻገር፤ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል። በባቲ ግን ዳኛው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። መደበኛው ፍርድ ቤት አለ። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ሲፈቅዱ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ የሚፈርድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። የቃዲዎች ፍርድ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ተደንግጎ ነበር፤ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ የተፈቀደ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ የአገር ሽማግሌዎች አሉ። ኦሮሞው የራሱ የሽምግልና ሥርዓት አለው፤ አፋሩም መዳአ በሚባለው የአባቶቹ ሕግ ይዳኛል።

በግጦሽና በውኃ ምክንያት በደገኛና በቆለኛ መካከል ጠብ ሲነሣ አንዱ ወገን በሌላው ሕግ አልዳኝም ይላል። በዚህ ጊዜ ከሁለቱም ወገን የተመረጡ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፤ ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ የካሣውን ልክ ተስማምተው ይወስናሉ። መንግሥት ወንጀለኛን የመቅጣት ሥልጣኑ አይቀርም፤ ነገር ግን አጥፊው ቢታሰርም ወገኖቹ ካልታረቁ የሚቀጥለው ሰኞ ገበያ በፍርሃት ይውላል። ስለዚህ ፍርድና ዕርቅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊይዝ አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ባቲ በደረሰ ጊዜ ገበያና ትምህርት ሲቋረጥ የታየው፤ ሰላም ለዚህች ከተማ ከውኃ የማያንስ መሆኑ ነው።

6ኛ፤ ስለ ሕዝብ ቆጠራ

ብዙ ሰዎች ቆጣሪ ሲመጣ ግብር ሊጨመርብን ነው ብለው የቤተ ሰባቸውን ቁጥር ይቀንሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ እርዳታ ይገኛል ብለው ይጨምራሉ። ሁለቱም ራሳቸውን ይጎዳሉ። ስንት ልጆች እንዳሉ ሳይታወቅ ስንት መምህር እንደሚያስፈልግ፤ ስንት ሰው እንዳለ ሳይታወቅ ስንት ጉድጓድ ውኃ መቆፈር እንዳለበት ማወቅ አይቻልም። የምርጫ ክልሎችም የሚወሰኑት በቆጠራው ነው።

በኢትዮጵያ የመላው ሕዝብ ቆጠራ በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል። አራተኛው ግን በ2010 ዓ.ም. ይሆናል ተብሎ ከታሰበ በኋላ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ እንደ ገና እንዲተላለፍ ወሰኑ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጐልማሳ ሁኗል፤ በዚያ ቁጥር የሚታቀድ ሥራ እርሱን በሕፃንነቱ እንጂ በጐልማሳነቱ አያውቀውም።

ስለ ባቲ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ሦስተኛው ቆጠራ በአማራ ክልል በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲደረግ፤ በአፋር ክልል የተደረገው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። በሁለቱ ክልሎች ድንበር ከብቱን ይዞ የሚመላለስ ሰው በግንቦት በአንዱ፤ በኅዳር በሌላው ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ወይም ፈጽሞ ሊዘለል ይቻላል። መምህራንና ሽማግሌዎች የመንደራቸውን ቤቶች፤ የሚወለዱትንና የሚሞቱትን ልጆች በደብተር ቢይዙ፤ ቆጠራ በመጣ ጊዜ ስሕተቱን ማቃናት ይቻላል።

7ኛ፤ ስለ ከተማ ዳር መሬት

ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው በገበሬ ማሳ ላይ ነው። ትናንት በወረዳው ሥር የነበረ የገጠር መንደር ዛሬ በከተማው ወሰን ውስጥ ሲገባ፤ የገበሬው አስተዳዳሪ ይለወጣል፤ ማሳውም የከተማ ቦታ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ነገር ግን በላዩ የተሠራ ቤትና የተተከለ ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ እንዲከፈል ያዝዛል። አስቀድሞ የሚለውን ቃል ገበሬው ሊያውቀው ይገባል።

በከተማ ዳር የሚኖር ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠብቅ። የይዞታ ደብተሩን ከእሳትና ከምስጥ በሚድን ቦታ ያስቀምጥ፤ በደብተሩም የሚስቱ ስም ከስሙ ጋራ መጻፉን ያረጋግጥ። ማሳው በየትኛው ቀበሌ እንደ ተመዘገበ ይወቅ። ለንብረቱ የተገመተውን ካሣ በጽሑፍ ይቀበል፤ ቅሬታ ቢኖረው ጊዜው ሳያልፍ ያቅርብ። ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ ልጁ ወይም መምህሩ ያንብብለት። የመንደሩ ትምህርት ቤት ለአባቶች የሚሰጠው ዋና ጥቅም ይህ ነው።

ማጠቃለያ

ባቲ የአንድ ወገን ብቻ ከተማ ሁና አታውቅም፤ ልትሆንም ብትሞክር ገበያዋ ይፈርሳል። አስተዳደሯም የሚጸናው ነዋሪውን በትክክል ሲቆጥር፤ ገበያተኛውን ሲሰማ፤ የተጣላውን ሲያስታርቅ፤ የገበሬውንም ንብረት ያለ ካሣ ሳይወስድ ሲቀር ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች
1. የባቲ ወረዳና የባቲ ከተማ አስተዳደር በምን ይለያያሉ?
2. ሰኞ ቀረጥ ከሚከፍሉት ውስጥ በከተማው ምክር ቤት ወኪል የሌላቸው እነማን ናቸው? ድምፃቸውስ በምን መንገድ ሊሰማ ይችላል?
3. በመንደርህ ስንት ቤትና ስንት ልጆች አሉ? ከአባትህ ወይም ከሽማግሌ ጠይቀህ ጻፍ።